ሉዊ ፓስተርና በስሙ የታነጸው ቤት

የሉዊ ፓስተርን ስም ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። የወተቱ ማሸጊያ ላይ ፓስቸራይዝድ የሚለው ቃል ከስሙ የወጣ ነው፤ በአዲስ አበባ ከተማም አንድ ሰፈር እስከ ዛሬ ድረስ ፓስተር ተብሎ ይጠራል። ነገር ግን ስለዚህ ሰው የተጻፈውን ስንመለከት ብዙውን ጊዜ የምናገኘው እብድ ውሻ የነከሰውን ልጅ እንዴት እንዳዳነ ብቻ ነው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የሕይወቱን ታሪክ ስንጽፍ ሌላ መንገድ መርጠናል። ይኸውም ሰውየው የኖረባቸውንና የሠራባቸውን ቤቶች ተከትሎ መሄድ ነው። ፓስተር ዕድሜውን ሙሉ ሲለምን የኖረው ሹመት ወይም ሀብት ሳይሆን ሳይንስ የሚሠራበት ቤት ነበርና። ቤቱንም ያገኘው እጁ ሥራ በማይችልበት ዕድሜ ነው።

ሉዊ ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስተምሥራቅ፣ ዡራ በተባለው አውራጃ፣ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። (ዘመናቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ልብ ይበል።) አባቱ ዣን ጆሴፍ በናፖሊዮን ሠራዊት ውስጥ የተዋጋና የክብር ኒሻን የተሸለመ ወታደር ነበረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን እንጀራውን ያገኝ የነበረው ቆዳ በማልፋት ነው። የተወለደበት ቤት የሚገኘው የቆዳ ሠራተኞች በሚኖሩበት መንገድ ላይ ሲሆን ጀርባውን የሰጠው ለውሃ ቦይ ነው፤ ቆዳ ያለ ውሃ አይለፋምና። በአገራችን ይህ ሙያ ፋቂ በሚል የንቀት ስም ሲጠራ መኖሩን እናውቃለን። ፓስተር ግን በአባቱ ሥራ አፍሮ አያውቅም፤ ሲከብርም የአባቱንና የእናቱን ስም በአደባባይ ከማመስገን አልተቆጠበም።

ቤተሰቡ ቆይቶ አርቧ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። በዚያም ግቢው ውስጥ የቆዳ መዘፍዘፊያ ጕድጓዶች ነበሩ። ልጁ በትምህርቱ ደህና እንጂ ድንቅ የሚባል አልነበረም፤ የታወቀው በሥዕል ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የእናቱን፣ የአባቱንና የጎረቤቶቹን መልክ በቀለም ጠመኔ ይሥል ነበር፤ ሥዕሎቹም ዛሬ ድረስ ተጠብቀው ይገኛሉ። በ1838 ለትምህርት ወደ ፓሪስ ቢላክ የቤቱ ናፍቆት አላስቀምጥ ስላለው አባቱ ሄዶ መልሶ አመጣው። በ1842 የሳይንስ መውጫ ፈተና ሲወስድ በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ይህን ስናነብ ከመካከላችን ልቡ ያልተጽናና አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ኤኮል ኖርማል በሚባለው የፓሪስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። በ1848 ዓ.ም. ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ የሚገኘውን የታርታር አሲድ ጨው በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ቅንጣቶቹ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ግን አንዱ በሌላው ላይ የማይገጥም ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አየ። ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ለየ። የሥዕል ዓይኑ የጠቀመው እዚህ ላይ ይመስለናል። በ1849 በስትራስቡርግ ከተማ ማሪ ሎራን የምትባል ወጣት አገባ፤ እርስዋም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ የሚነግራትን የምትጽፍ፣ ሥራውንም የምትጋራ ረዳቱ ሆነች።

በ1857 ወደ ኤኮል ኖርማል የሳይንስ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ። ሹመቱ ትልቅ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ግን አልነበረውም፤ የትምህርት ሚኒስቴሩም ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለኝም አለ። ስለዚህ ፓስተር ከጣሪያው ሥር፣ አይጥ የሚፈነጭባቸው ሁለት ባዶ ክፍሎች አገኘና በራሱ ወጪ አሰናዳቸው። በበጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም ነበር። በኋላ ወደ አንዲት ትንሽ ቤት ወረደ፤ እዚያም ቦታ ስላነሰው ጀርሞችን በሙቀት የሚያሳድግበትን ምድጃ ያበጀው ከደረጃ ሥር ባለ ጕድጓድ መሰል ስፍራ ነው። ወደዚያ ለመግባት በጕልበቱ መንበርከክ ነበረበት። ይህ የፈረንሳይ ታላቅ ሳይንቲስት በቀን ስንት ጊዜ ይንበረከክ እንደነበረ ማሰብ ነው።

ከዚህች ጠባብ ቦታ ነው እንግዲህ ዓለምን የለወጠ ሐሳብ የወጣው። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ከበሰበሰ ነገር ራሳቸው ይፈጠራሉ ብለው ያምኑ ነበር። ፓስተር ሾርባ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አፈላ፤ የዕቃውንም አንገት እንደ ዳክዬ አንገት አቅጥኖ ጠመዘዘው። አየር እንደ ልቡ ይገባል፤ በአየር ውስጥ ያለው አቧራ ግን በጥምዝምዙ ላይ ይቀራል። ሾርባውም ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱን ሲሰብረው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ደፈረሰ። የጠላና የጠጅ እርሾ ምን እንደሚሠራ እናቶቻችን በልምድ ያውቁታል፤ መፍላቱ የሕያዋን ጥቃቅን ነፍሳት ሥራ መሆኑን በሙከራ ያሳየው ግን ፓስተር ነው። ወይን ጠጅ እንዳይበላሽ በመጠኑ ማሞቅም ከዚሁ የተገኘ ዘዴ ሲሆን ከጊዜ በኋላ ለወተት ዋለ።

በነዚህ ዓመታት ቤቱ የሐዘን ቤት ነበረ። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱን ሴቶች ልጆች ቀበረ፤ ዣን በ1859፣ ካሚይ በ1865፣ ሴሲል በ1866 ሞቱ። ከሦስቱ ሁለቱን የገደላቸው ታይፎይድ ነው። በዚያው ሰሞን መንግሥት የሐር ትል በሽታ እንዲመረምር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ልኮት ነበርና፣ እያለቀሰም ቢሆን በማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ለዚያ ሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ሚስቱና በሕይወት የቀረችው ልጁም ትሎቹን አብረው ይመረምሩ ነበር።

በ1868 መጀመሪያ ላይ ፓስተር ትዕግሥቱ አለቀና በጽሑፍ ተነሣ። የፈረንሳይ ሊቃውንት በምድር ቤትና በጣሪያ ሥር ጤናቸውን እያጡ ሲሠሩ ሌሎች መንግሥታት ሰፋፊ ቤተ ሙከራዎችን ይገነባሉ ሲል ከሰሰ። ስመ ጥሩው ክሎድ ቤርናር በኮሌዥ ደ ፍራንስ እርጥበት ባለው ምድር ቤት ሲሠራ መታመሙን ሁሉም ያውቅ ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ ለሦስተኛው ናፖሊዮንም አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ስለ ነበረ፣ በመጨረሻ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቤተ ሙከራ ሊሠራለት ተፈቀደና መሠረት መጣል ተጀመረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 19 ቀን ግን ፓስተር ደም ወደ አንጎሉ ፈስሶ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ዕድሜው 45 ነበረ። ሐኪሞቹ ይሞታል ብለው ተስፋ ቆረጡ። ሰዎቹም ለሟች ቤት አይሠራም ብለው ነው መሰለን የግንባታውን ሥራ አቆሙት። ሕመምተኛው ከመስኮቱ ሲጠባበቅ ሠራተኞቹ ጠፉበት፤ ከበሽታውም ይልቅ ይህ አሳዘነው። ወዳጆቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ነግረው ሥራው እንደገና እንዲጀመር አደረጉ። ፓስተር ተነሣ፤ ነገር ግን ግራ እጁና ግራ እግሩ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ቀድሞው አልሆኑለትም። ከዚህ በኋላ የምንነግራችሁን ሁሉ የሠራው በግማሽ አካሉ ነው፤ ሙከራውንም የሚሠሩለት እንደ ኤሚል ሩና እንደ ሻርል ሻምቤርላን ያሉ ወጣቶች ነበሩ።

ከ1877 ጀምሮ ወደ አባ ሰንጋ በሽታ ዞረ። ይህን በሽታ የእኛ ገበሬዎችም ሳይንቲስቶችም ያውቁታል። በ1881 ዓ.ም. በፑዪ ለ ፎር እርሻ ላይ 24 በጎችንና አንድ ፍየል፣ ከጥቂት ላሞች ጋራ፣ በተዳከመ ጀርም ከተበ፤ ሌሎች 24 በጎችና አንድ ፍየል ሳይከተቡ ተተዉ። ሜይ 31 ቀን ለሁሉም ብርቱው ጀርም ተሰጠ። ጁን 2 ቀን ሕዝቡና ጋዜጠኞቹ ሲደርሱ የተከተቡት በጎች ቆመው ይግጣሉ፤ ካልተከተቡት አብዛኞቹ ሞተው ነበር፤ የቀሩትም እስከ ማታ አለቁ።

እዚህ ላይ ግን ዝም ብለን ማለፍ አንፈልግም። የፓስተር የሥራ ማስታወሻዎች ከሞቱ በኋላ ብዙ ዘመን በቤተሰቡ እጅ ተሰውረው ቆይተው ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ሲመረምሩአቸው ፓስተር በዚያ ቀን የተጠቀመበት ክትባት ለሕዝብ እንዳስመሰለው በአየር የተዳከመው የራሱ ሳይሆን፣ ሻምቤርላን በኬሚካል ያዘጋጀው መሆኑ ታወቀ። ታላቅነቱን ይህ አያጠፋውም። ሆኖም ለረዳቱ የሚገባውን ምስጋና መንፈጉን መሸፈን ተገቢ መስሎ አልታየንም።

ከአባ ሰንጋ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ መጣ። ለዚህ ሥራ ብዙ ውሾችን ማሰር ያስፈልግ ነበርና ከከተማ ውጭ በሜዶን ጫካ ቦታ ቢፈልግ ነዋሪው ተቃወመ። በመጨረሻ መንግሥት ቪልኔቭ ሌታን የተባለውን ርስት ሰጠው። ዘዴውም እንዲህ ነው። በበሽታው የሞተች ጥንቸል ሕብለ ሰረሰር በደረቅ አየር ውስጥ በብልቃጥ ተንጠልጥሎ ሲቆይ መርዙ ከቀን ወደ ቀን ይደክማል። ለተነከሰው ሰው በመጀመሪያ ብዙ ቀን የቆየው፣ ቀጥሎም ትኩስ እየሆነ የሚሄደው ይወጋል። ጁላይ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከአልዛስ በእናቱ ተመርቶ መጣ፤ ውሻ ብዙ ቦታ ላይ ነክሶት ነበር። ፓስተር የሕክምና ዶክተር ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ሐኪሙ ግራንሼ ነው። በ10 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ። ልጁ ዳነ። በኦክቶበርም ጓደኞቹን ለማዳን ከእብድ ውሻ ጋር የታገለው የ15 ዓመቱ እረኛ ዡፒይ ተከተበ።

ከዚህ በኋላ ዓለም ወደዚያች ጠባብ ቤተ ሙከራ ጐረፈ። ከአሜሪካ አራት ሕፃናት በመርከብ ተሻግረው መጡ። በማርች 1886 ከሩሲያ ስሞሌንስክ ተኵላ የነከሳቸው 19 ገበሬዎች ደረሱ፤ ከነሱም 16ቱ ድነው ተመለሱ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጠብቅበት አዳራሽ፣ የሚከተብበትም ክፍል አልነበረም። ማርች 1 ቀን 1886 ፓስተር ለሳይንስ አካዳሚው 350 ያህል ሰዎች መታከማቸውን፣ ከነሱም የሞተው አንድ ብቻ መሆኑን ገለጸና ለዚህ ብቻ የሚሆን ቤት እንዲሠራ ጠየቀ።

አሁን ወደ ቤቱ ደርሰናል። መዋጮው በፈረንሳይና በውጭ አገር ተከፈተ። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው አሌክሳንደር ወደ 100,000 ፍራንክ ሰጠ፤ የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዶን ፔድሮም፣ የኦቶማኑ ሱልጣንም ሰጡ። ከነሱ ጋር አብሮ የፖስታ ሠራተኛው፣ የፖሊሱና የተማሪው ሳንቲም ተቆጠረ። በአልዛስ ከሰጡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የጆሴፍ ማይስተር ስም ይገኛል። ጠቅላላው 2,586,680 ፍራንክ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ተኩል ፍራንክ በላይ ለግንባታና ለዕቃ ወጣ፤ የተረፈው ለቤቱ መተዳደሪያ ተቀመጠ።

ቦታው በፓሪስ ዳር በቮዥራር ሰፈር ዱቶ በሚባል መንገድ ላይ ሲሆን፣ 11,000 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለውና አትክልት ይተከልበት የነበረ መሬት ነው። አርክቴክቱ ፌሊክስ ብሬባን ይባላል። እርሱም ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎችን ጎን ለጎን አቆመና መካከላቸውን በአንድ መተላለፊያ አገናኛቸው፤ ከሰማይ ሆኖ ለሚያየው ቤቱ ኤች የተባለውን የላቲን ፊደል ይመስላል። ወደ መንገድ የሚያየው የፊተኛው ሕንፃ በጡብና በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ መልኩ በ17ኛው መቶ ዓመት በሉዊ 13ኛ ዘመን የነበሩትን የመኳንንት ቤቶች ይከተላል። በዚህ ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ጽሕፈት ቤቱና የፓስተር መኖሪያ ነበሩ። ቤተ ሙከራዎቹና ሕመምተኞች የሚታከሙበት ስፍራ የተሠሩት በስተኋላ ነው።

የሚያስደንቀን ጌጡ አይደለም፤ ጌጡ እንዲያውም በዚያ ዘመን የተለመደ ነው። የሚያስደንቀን ክፍፍሉ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር አራት ነገሮች ተገናኙ፤ ሕመምተኛው በነጻ ይታከማል፣ መርማሪው ይመረምራል፣ ተማሪው ይማራል፣ ሽማግሌውም ይኖራል። ከዚያ በፊት ሐኪም በሆስፒታል፣ ኬሚስት በትምህርት ቤት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነበረ። ክፍሎቹም የተደለደሉት ለሐኪሞች ብቻ አልነበረም፤ ኬሚስቱና የፊዚክስ ሰው ዱክሎ፣ ሐኪሙ ሩ፣ ኬሚስቱ ሻምቤርላን፣ ከሩሲያ የመጣው የእንስሳት ሊቅ ሜችኒኮፍና የእብድ ውሻ ሕክምና ኃላፊው ግራንሼ ተካፈሉአቸው።

ኖቬምበር 14 ቀን 1888 ዓ.ም. የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ቤቱን መረቀ። በዓሉ የተደረገው ዋና ዋናዎቹ ለጋሾች ሐውልታቸው በቆመበት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ነው። ፓስተር ንግግሩን ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት በፊት እንደገና ታሞ አንደበቱ ተይዞ ስለ ነበረና ስሜቱም ስላሸነፈው ማንበብ አልቻለም። ልጁ ዣን ባቲስት አነበበለት። በንግግሩም ውስጥ ወደዚህ ቤት የሚገባው በዘመን ብዛት የተሸነፈ ሰው መሆኑን በሐዘን ገልጾአል። ከደረጃ ሥር ተንበርክኮ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ሰፊውን ቤት ያገኘው ማይክሮስኮፕ መያዝ ባቃተው ጊዜ ነው።

ሰባት ዓመት ያህል በዚያ ኖረ። የግራ ጎኑ ደካማ ስለ ሆነ በመኖሪያው ደረጃ ላይ ሁለተኛ መደገፊያ ተደረገለት። ከዚያ እየወረደ ሊከተቡ የመጡትን ሕፃናት ይጎበኝ ነበር። ሌሎቹ ግን በኋለኛው ሕንፃ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሩና ወጣቱ የርሲን የዲፍቴሪያን መርዝ አገኙ፤ ሩ በ1889 የጀመረው የጀርም ትምህርት ከብዙ አገሮች ተማሪዎችን ሳበ፤ ሜችኒኮፍ በ1908 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1894 የርሲን በሆንግ ኮንግ የወረርሽኙን፣ የጥቁር ሞት የሚባለውን በሽታ ጀርም አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ሩ ይህን ጀርም በማይክሮስኮፕ አዘጋጅቶ ለመምህሩ አሳየው። ፓስተር ዝቅ ብሎ ተመለከተ።

በዚያው ዓመት፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895፣ ውሾቹ ይጠበቁበት በነበረው በቪልኔቭ ሌታን ርስት ሞተ። ዕድሜው 72 ነበረ። መንግሥት በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል ታላቅ ቀብር አደረገለት፤ ቤተሰቡ ግን ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በፓንቴኦን እንዲቀበር አልወደደም። በገዛ ቤቱ ምድር ቤት አርክቴክቱ ሻርል ዢሮ የመቃብር ክፍል ሠራለት፤ በ1896 መጨረሻም አስከሬኑ ወደዚያ ገባ። ክፍሉ በጣሊያን አገር በራቬና የሚገኘውን የጋላ ፕላሲዲያን መቃብር ይከተላል። ጣሪያውና ግድግዳው በወርቅማ ሞዛይክ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከላይ አራት መላእክት አሉ፤ ሦስቱ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ሲሆኑ አራተኛው ሳይንስ ነው። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ጣሪያ ላይ መላእክትን ማየት ለለመድን ለእኛ አራተኛው እንግዳ ሆነብን። ዝቅ ብሎም በጎች፣ ላሞች፣ ዶሮዎችና ውሾች፣ የወይን ሐረግና የሐር ትሉ የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ይታያሉ። ይህም የሕይወቱ ታሪክ በድንጋይ ቅንጣት የተጻፈበት ነው። ማሪም በ1910 ዓርፋ እዚያው ተቀበረች።

ያ ከአልዛስ የመጣው ልጅ ጆሴፍ ማይስተር አድጎ የዚሁ ቤት ዘበኛ ሆነ። በ1940 የጀርመን ጦር ፓሪስ በገባ ጊዜ መቃብሩን ለወታደሮች አልከፍትም ብሎ ሞተ እየተባለ ይወራል፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። ያሸሻቸው ቤተሰቡ ያለቁ መስሎት በሐዘን በ64 ዓመቱ ራሱን አጠፋ፤ እነርሱ ግን በሕይወት ነበሩ።

የፓስተር መኖሪያ በ1936 ሙዚየም ሆነ፤ የዱቶ መንገድም በዚያ በኩል ዶክተር ሩ ተብሎ ተጠራ። የቤቱም አምሳያዎች በብዙ አገሮች ተተክለዋል። በአዲስ አበባ በ1950ዎቹ የፓስተርን ስም የያዘ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ የበሽታ ምርመራ ያደርግ፣ ክትባትም ያዘጋጅ ነበር። በ1960ዎቹ ስሙ ተለውጦ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ሆነ፤ ዛሬ በቦታው የሚሠራው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የታክሲው ረዳት ግን እስከ አሁን ፓስተር፣ ፓስተር እያለ ይጣራል።